ሲል (የዘይት ማገጃ ቀለበት) ከመግዛታችሁ በፊት፦ ዘይት የሚያፈስ የግራይንዲንግ ማሽን ስፒንድል

በባሕር ዳር ለማሽን ሾፕ ባለሙያዎችና ለቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ የተስተካከለ

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

የዛሬው ጉዳይ ጠባብ ነው። የሞተር ክራንክ ሻፍት፣ የፋብሪካ ሮለር፣ የጣና ጀልባ ፕሮፔለር ዘንግ ግራይንድ የምታደርጉበት፣ ማለትም በሚዞር ድንጋይ የምትሞርዱበት፣ አሮጌ ሲሊንድሪካል ማሽን ድንጋዩ ካለበት ራስ ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር፣ ዘይቱ ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል? ምንስ ይደረጋል? በዚህች ከተማ የማሽን ሥራ የትናንት አይደለም፤ ፖሊቴክኒኩ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሰው በዚህ ሙያ ሠልጥኖ ወጥቷል። ማሽኖቹም አርጅተዋል። አዲስ መግዛት ለአብዛኞቻችን የሚታሰብ ስላልሆነ ያለውን በደንብ ማወቅ ግድ ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገር። በአሮጌ ማሽን ላይ ዘይት ከስፒንድሉ (ድንጋዩን ከሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የደከመ ሲል አይደለም። ወደ ዘይት ጋኑ የሚመለስበት መንገድ የጠበበበት፣ ወይም ያ መንገድ ከሚችለው በላይ የበዛ ዘይት ነው። ይህን ያልለየ ሰው ሲል ይቀይራል፣ ሲሊኮን ይለጥፋል፣ ወፍራም ዘይት ይሞላል፣ በመጨረሻም ኩሽኔታውን (ዘንጉ የሚዞርበትን መያዣ) ያጠብቃል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስፒንድል ይገድላሉ።

እንዴት እንደሚዞር እንይ። የአሮጌ ግራይንዲንግ ማሽን የድንጋይ ስፒንድል በአብዛኛው በኳስ ኩሽኔታ ላይ አይዞርም። በነሐስ ሜዳ ኩሽኔታ ውስጥ፣ ወይም በሦስትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፓዶች (ዘንጉን ዙሪያውን በሚደግፉ ቁራጮች) መካከል፣ በቀጭን የዘይት ንብርብር ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። በዘንጉና በኩሽኔታው መካከል ያለው ክፍተት እንደየማሽኑ ቢለያይም በዲያሜትር ከ0.01 እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ዘይቱ በዚህ ክፍተት ገብቶ በኩሽኔታው ሁለት ጫፍ እንዲወጣ ታስቦ ነው የተሠራው። ሙቀትን ይዞ የሚሄደውም ይኸው የሚወጣው ዘይት ነው። ከኩሽኔታው ሲወጣ በዘንጉ ላይ ያለ ቀለበት ወደ ዳር ይወረውረዋል፣ የክዳኑ ቦይ ይቀበለዋል፣ ከቦዩ ታች ባለ ቀዳዳ ወደ ጋኑ ይወርዳል። ብዙዎቹ ማሽኖች ከዚህ ቀጥሎ ያላቸው ላቢሪንዝ፣ ማለትም ዘንጉን የማይነካ ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ፣ ብቻ ነው። ላቢሪንዝ ዘይት አያግድም፤ የተረፈውን ትንሽ ነገር ያዘገያል እንጂ። ስለዚህ ቦዩ ከሞላ የትኛውም ላቢሪንዝ አያድንም።

በክፍተት ውስጥ የሚያልፈው የዘይት መጠን ከክፍተቱ ስፋት ኩብ ጋር ያድጋል። 0.02 የነበረው ክፍተት ተበልቶ 0.04 ቢሆን፣ በዚያው ግፊትና በዚያው ዘይት፣ የሚያልፈው 8 እጥፍ ነው። ዘይቱ በግማሽ ቢቀጥን ግን 2 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ኩሽኔታው የተበላ ማሽን በድንገት ሲያጥለቀልቅ ብታዩ አትደነቁ፤ መመለሻ ቀዳዳው ለ8 እጥፍ አልተሰላም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በጣም ጥንታዊ በሆኑ ማሽኖች ላይ ዘይቱ በጠብታ ማጠጫ ወይም በክር እየተመጠጠ ይገባና አይመለስም፤ ወጥቶ ይቀራል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ጫፉ መርጠቡ ጤንነቱ ነው። ከታች መቀበያ ሳህን አድርጉለት እንጂ አትድፈኑት።

አሁን ወደ ፍለጋው። ዋናውን ማብሪያ አጥፍታችሁ ቆልፉ። የድንጋዩን መከለያ ክፈቱ፣ ድንጋዩን ከነፍላንጁ አውርዱ። በብዙ ማሽን የጫፉ ዳዶ ግራ ጥርስ ስለሆነ በኃይል ከመምታታችሁ በፊት ጥርሱን በዓይናችሁ ተከታተሉ። ጫፉ ላይ የሚቀር ዳዶም ሆነ ኪ ልቅ ሆኖ አይተው፤ ስፒንድሉ ያለ ድንጋይ ይዞራልና ይወረወራል።

ቀጥሎ የፈሰሰው ፈሳሽ ምን እንደሆነ ለዩ። አንድ ማሽን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ፈሳሽ አለ፦ ቀጭኑ የስፒንድል ዘይት፣ ወፈር ያለው የሃይድሮሊክና የስላይድ (የማሽኑ ተንሸራታች ክፍል) ዘይት፣ ነጩ የማቀዝቀዣ ውሃ። ሁሉም ታች አንድ ላይ ሲጠራቀሙ «ስፒንድሉ ያፈሳል» ይባላል። በሁለት ጣት አሽታችሁ ስትለያዩት የስፒንድል ዘይት እንደ ነጭ ጋዝ ሊቀጥን ይችላል፤ የሃይድሮሊኩ ይጎተታል። ከእያንዳንዱ ጋን አንድ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ከወለሉ ጠብታ ጋር አስተያዩ፤ ቀጭኑ ቶሎና ሰፍቶ ይሰራጫል። ስላይዱን የሚያጠጣው ዘይት በዝቶ በራሱ ሥር ሲወጣ የስፒንድል መስሎ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ከዚያ ሁሉንም በነጭ ጋዝ እጠቡ፤ በቤንዚን አይሁን። አድርቁ። የክዳን መጋጠሚያዎች፣ ቡሎኖች፣ የቱቦ መያዣዎችና የደረጃ መስታወቱ ላይ የጠመኔ ዱቄት በሰፍነግ ንኩ። ከዘንጉ አጠገብ ግን ዱቄት አትርጩ፤ ላቢሪንዙ ውስጥ ይገባል። እዚያ ነጭ ወረቀት በቀለበት ቅርጽ ቆርጣችሁ፣ ከዘንጉ 5 ሚሊ ሜትር አርቃችሁ፣ ክዳኑ ላይ ለጥፉ። አሁን አስነሱና በ10፣ በ30 እና በ60 ደቂቃ ተመልከቱ። ከእያንዳንዱ ከሚያንጠባጥብ ቦታ ሥር ለየብቻ ቆርቆሮ አስቀምጡ፤ የተጠራቀመውን በመድኃኒት ስሪንጅ ስቡና ሚሊ ሊትሩን ጻፉ። «በጣም ያፈሳል» የሚባለው ነገር ቁጥር ካላገኘ ጥገናው መሥራቱን አታውቁም። ማሽኑ ካቆመም በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሳህኑ እዚያው ይደር።

ከሁሉ በላይ የሚናገረው የሚፈስበት ሰዓት ነው።

ቆሞ ሳለ ብቻ የሚያፈስ ማሽን በአብዛኛው ከልክ በላይ ተሞልቷል። ሲዞር ዘይቱ በቱቦውና በኩሽኔታው ውስጥ ስለሚሰራጭ የመስታወቱ ደረጃ ይወርዳል። ሠራተኛው ያንን አይቶ ይጨምራል። ማታ ሲቆም ሁሉም ወደ ታች ይመለስና ከዘንጉ በላይ ይሞላል፤ ጠዋት ወለሉ ረጥቦ ይገኛል። ደረጃው ቆሞ ነው ወይስ እየሠራ የሚነበበው? መመሪያው ከሌለ ቆሞ እያለ ከዘንጉ ቀዳዳ ታችኛ ከንፈር በታች መሆኑን አረጋግጡ፤ እየዞረ ደግሞ ፓምፑ አየር እንዳይስብ። በሁለቱ መካከል መስታወቱ ላይ ሁለት መስመር አስምሩ፣ «ቆሞ» እና «ሲሠራ» ብላችሁ ጻፉበት።

ሲዞር ወዲያው የሚያፈስ ከሆነ መመለሻውን ጠርጥሩ። ከሞቀ በኋላ ብቻ ከጀመረ ደግሞ መጀመሪያ መተንፈሻውን እዩ። መተንፈሻ ማለት በራሱ አናት ላይ ያለችው፣ ብዙ ጊዜ በቀለም የተደፈነችው ወይም በቡሎን የተተካችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ እናስላው። የታሸገ አየር ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ግፊቱ በ8.5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ጭማሪው ወደ 7 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። ይህ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የዘይት ዓምድ ሊያቆም የሚችል ግፊት ነው። የላቢሪንዙ ከንፈር ቁመት ስንት ነው? አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር። አየሩ በላቢሪንዙ በኩል ስለሚያመልጥ ግፊቱ እስከዚያ ባይወጣም፣ ሲያመልጥ ዘይቱን ይዞ ነው። የባሰው ደግሞ ማታ ይመጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ከውጭ ይስባል፤ የሚስበው በድንጋይ ዱቄትና በማቀዝቀዣ ውሃ የተሞላውን ከድንጋዩ አጠገብ ያለውን አየር ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ዘይት ማፍሰሱ ብቻ ሳይሆን ኩሽኔታውንም እየበላ ነው። መተንፈሻውን መክፈትና ማጣሪያ ስፖንጅ ማድረግ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ወደ መመለሻው እንመለስ፤ ረጅም ሰዓት ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ክዳኑን ከመፍታታችሁ በፊት በክዳኑና በቤቱ ላይ በፑንች ምልክት አድርጉ። ምክንያቱም የመመለሻው ቀዳዳ ወይም ቦይ ታች፣ በትክክል ታች መሆን አለበት። ክዳኑ በስድስት ቡሎን የሚታሰር ከሆነ በስድስት አቅጣጫ ይገጥማል፤ ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው ትክክል። ሲፈታ ምልክት ሳይደረግበት ተገልብጦ የታሰረ ክዳን ቦዩ እስኪሞላ ዘይት ያጠራቅምና ከዘንጉ በኩል ያፈስሳል። ቀደም ብሎ ሌላ ሰው የነካው ማሽን ከሆነ መጀመሪያ ይህንኑ ፈትሹ።

ቀዳዳውን በመዳብ ሽቦ አጽዱ፤ የብረት ሽቦ ጫፉን ይቧጭራል፣ የተሰበረ ቁራጭም ይቀራል። የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የድንጋይ ዱቄትና ዘይት የተላቆጠበት ጥቁር ጭቃ፣ አንዳንዴም ከክዳኑ ተጨምቆ የገባ ሲሊኮን ነው። የኮምፕሬሰር አየር ወደ ኩሽኔታው አቅጣጫ በፍጹም አትንፉ። ከዚያ መመለሻው ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ለኩ፦ 250 ሚሊ ሊትር የዚያኑ ማሽን ንጹሕ ዘይት በቀስታ በፈንጠል ወደ ቦዩ አፍስሱና እስኪወርድ ያለውን ጊዜ ያዙ። በሌላ በኩል የመመለሻውን ቱቦ ከጋኑ ጫፍ አውጥታችሁ፣ ፓምፑን ብቻ አስነስታችሁ፣ ከቱቦው የሚወጣውንም ከስፒንድሉ ጫፍ የሚፈሰውንም ለአንድ ደቂቃ በዕቃ ተቀበሉ፤ የሁለቱ ድምር ፓምፑ የሚልከው ነው። ቦዩ በደቂቃ 0.3 ሊትር ብቻ የሚያወርድ፣ ፓምፑ ደግሞ 0.5 ሊትር የሚልክ ከሆነ የቀረው 0.2 ሊትር መሄጃው አንድ ነው።

ቱቦውንም እዩ። ከራሱ እስከ ጋኑ ድረስ ሳያቋርጥ መውረድ አለበት። መሃሉ የረገበ ቱቦ ዘይት ይቋጥርና አየር ያግዳል። የድሮው የብረት ቱቦ ሲሰበር በጠበበ ፕላስቲክ የተተካበት ማሽን ብዙ ነው፤ የውስጥ ስፋቱ ከቀድሞው አይነስ። የግፊት ቫልቩን ደግሞ «ዘይት አነሰው» ብሎ ያጠበቀው ሰው ይኖራል። የግፊቱን ልክ መመሪያው ላይ ካላገኛችሁት አትንኩት። ስፒንድሉ ያለ ዘይት እንዳይነሳ የሚያግደውን የግፊት ስዊችም በሽቦ አታልፉት።

የክር ጉዳይ እዚህ አገር ብዙ ያስቸግራል። የሶቪየት ማሽኖች ሾጣጣ የቱቦ ክር ብዙ ጊዜ 60 ዲግሪ ነው፤ ከገበያ የምናገኘው የእንግሊዙ ደግሞ 55 ዲግሪ። ሩብ ኢንች ላይ አንዱ በኢንች 18 ጥርስ፣ ሌላው 19 ጥርስ አለው። ሁለት ሦስት ዙር ይገባና የገጠመ ይመስላል፤ ቴፕሎን ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ ከወር በኋላ ያላባል። የጥርስ መለኪያ ጌጅ ሳታስገቡ ፊቲንግ አትግዙ። የመዳብ ዋሸርን እስኪቀላ አሙቃችሁ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ይለሰልሳል፣ እንደገና ይሠራል። ክዳኑን የሚይዙት ቡሎኖች ቀዳዳቸው እስከ ዘይቱ ክፍል የሚዘልቅ ከሆነ ዘይቱ በጥርሱ በኩል ይወጣል፤ በቡሎኑ ጥርስ ላይ ትንሽ ማሸጊያ ቅቡ።

ጓርኒሶን (በክዳኑ መጋጠሚያ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ስትቆርጡ የቀድሞውን ውፍረት በማይክሮሜትር ለኩ። በብዙ ማሽን ላይ የክዳኑ ጓርኒሶን ውፍረት የስፒንድሉን የፊትና ኋላ ጨዋታ ይወስናል። 0.2 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ0.5 ብትተኩት ማፍሰሱ ይቆም ይሆናል፤ የምትሠሩት ትከሻ ግን ድንጋዩ እየተንሸራተተበት ይበላሻል። ሲሊኮን አንወድም። ማሸጊያ ካስፈለገም የማይደርቀውን በጣት ቀጭን አድርጋችሁ፣ ከውስጥ ጠርዝ አርቃችሁ ቅቡ።

አሁን ስለ ዘይቱ። የስፒንድል ዘይት በጣም ቀጭን ነው፤ በዓለም አቀፉ የዘይት ውፍረት ምድብ (ISO VG) ከ2 እስከ 10፣ አንዳንዴ እስከ 22። ሞቢል ቬሎሳይት ቁጥር 3 ምድቡ 2 ነው፤ ቁጥር 6 ደግሞ 10፣ ቁጥር 10 ደግሞ 22። ቁጥሩ ከምድቡ ጋር አንድ ስላልሆነ ጣሳውን አንብቡ። የሶቪየት መመሪያ ላይ «И-5А» ወይም «И-8А» ተብሎ የተጻፈው ከምድብ 7 እና 10 ጋር ይቀራረባል። የሞተር ዘይት 30 ቁጥር ግን በ40 ዲግሪ ላይ ወደ 100 ይጠጋል፤ ከሚያስፈልገው 10 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ የወፈረ ማለት ነው። ሲሞላ ማፍሰሱ እውነትም ይቀንሳል። ግን የፊልሙ ፍትጊያ ከውፍረቱ ጋር ስለሚጨምር ዘንጉ ይሞቃል። ዲያሜትሩ 70 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ዘንግ ከቤቱ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ በ0.016 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። 0.02 የነበረው ክፍተት 0.004 ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጩኸት ነው፤ ስፒንድሉ ይነክሳል፣ ነሐሱ ይላላጣል። የሞተር ዘይት ውሃውን አቅፎ የሚይዝ ማጠቢያም ስላለበት አረፋ ያበዛል፤ አረፋ ደግሞ በመመለሻ ቀዳዳ አይወርድም።

ዘይቱ ውስጥ ውሃ መግባቱን ለማወቅ አንድ ጠብታ በጋለ ምጣድ ብረት ላይ ጣሉ። ቢንጫጫ ውሃ አለው። የቀረውን በጠርሙስ 24 ሰዓት አስቀምጡና ታቹን እዩ። ውሃ ካለበት ዘይቱን ቀይሩ፣ ማጣሪያውን 10 ማይክሮን አድርጉ፣ ውሃው የሚገባበትን መንገድ ፈልጉ።

ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ምክንያት የመብራት መስመር ነው። ትራንስፎርመር ወይም መስመር ከተሠራ በኋላ ሁለት ፌዝ ሊቀያየር ይችላል፤ ሞተሩ በተቃራኒ ይዞራል። አንዳንድ ስፒንድል ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልስ ጥርስ ዘንጉ ላይ ተቆርጦለታል። በተቃራኒ ሲዞር ያው ጥርስ ዘይቱን እየጎተተ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። በፓድ የሚሠራው ኩሽኔታም ብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ዘይት የሚያነሳው፤ ፓምፑም ላይልክ ይችላል። ስለዚህ የመስመር ሥራ በተሠራ ቁጥር ቺንጋውን አውርዳችሁ ሞተሩን ለአንድ አፍታ ብቻ ንኩትና አቅጣጫውን ከቀስቱ ጋር አስተያዩ።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ አሁንም የሚያፈስ ከሆነ ኩሽኔታውን ለኩ። ቺንጋውን ፍቱ። በ0.001 ሚሊ ሜትር የሚያነብ ዳያል ጌጅ በስፒንድሉ ጫፍ ላይ፣ መሠረቱን በራሱ ላይ አስቀምጡ። ዘንጉን በእንጨት ማንሻ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱ፤ በእጅ ሚዛን 20 ኪሎ ያህል ይበቃል። የሚነበበው ከመመሪያው ልክ በላይ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። የተበላው በፑሌጃው በኩል ብቻ ከሆነ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ ኖሯል፤ በሁለቱ ፑሌጃ መካከል ላለ ለየ100 ሚሊ ሜትር ርቀት በጣት ግፊት 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ። ማስተካከያ ባለው ኩሽኔታ ላይ ክፍተቱን በመመሪያው መሠረት በትንሽ በትንሹ መመለስ ይቻላል። ማፍሰስ ለማስቆም ብሎ ከልክ በታች ማጥበቅ ግን አይደረግም። በትክክል ለማስተካከል ጊዜ ከሌላችሁ ዘይቱ ቢፈስ ይሻላል፤ ዘይት ይገዛል፣ ስፒንድል አይገዛም።

ሲል ያለው ማሽን ካጋጠማችሁ፣ ባለሙያው ፓራኦሊዮ የሚለውን ማለት ነው፣ ቁጥሩ ከላዩ ይነበባል፤ 70-90-10 ማለት የዘንግ፣ የቤትና የውፍረት ልክ ነው። ስፕሪንጉ ያለበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዞራል። በ1,500 ዙር የሚዞር 70 ሚሊ ሜትር ዘንግ በላዩ በሰከንድ 5.5 ሜትር ስለሚሄድ የተለመደው ናይትራይል ጎማ በቂ ነው። ዘንጉ ላይ ቀድሞ የበላው ቦይ ካለ አዲሱን ሲል በቀጭን ቀለበት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አሽሹት፤ ወይም ለዚሁ የሚሸጠውን 0.28 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን እጅጌ አልብሱት። ላቢሪንዝ በነበረበት ቦታ ላይ ግን ቦታ አስፍቶ የጎማ ሲል መክተትን አንመክርም። የድንጋይ ዱቄት ከጎማው ሥር ይገባና ዘንጉን ይቆርጠዋል፣ ሙቀትም ይጨምራል። የድሮው የሱፍ ቀለበት ከሆነ ከመግባቱ በፊት በዚያው ዘይት ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ይዘፈቅ።

ስለ ድንጋዩ አንድ ነገር፣ ይህ የሰው ሕይወት ነው። ዘይት የጠጣ ድንጋይ ማሽኑ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና ሚዛኑን ያጣል፤ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። 400 ሚሊ ሜትር ድንጋይ በ1,500 ዙር በሰከንድ 31 ሜትር ይሄዳል። በጣም የረጠበውን አስወግዱ። የሚመለሰውን ደግሞ በእንጨት መዶሻ እጀታ በቀስታ አንኳኩ፤ ድንጋዩ ደረቅ ሆኖ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ አይገጠምም። ከተገጠመ በኋላ መከለያው ተዘግቶ፣ ሰው ከፊቱ ሳይቆም፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ባዶውን ይዙር።

የታጠበበት ጋዝና የተጠራቀመው ዘይት ወደ ቦይ አይደፋ። የከተማችን ቦይ ወደ ጣናና ወደ ዓባይ ነው የሚወርደው፤ የምንበላው ቆሮሶ ዓሣም ከዚያው ነው። በርሜል አዘጋጁ፣ ጨርቁንም ክዳን ባለው ቆርቆሮ አጠራቅሙ።

ከጥገናው በኋላ ያለ ድንጋይ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በድንጋይ ሁለት ሰዓት አሠሩት። የራሱን ሙቀት በኩሽኔታው ላይ በየ15 ደቂቃው ጻፉ። እየዘገየ ወጥቶ አንድ ቦታ መቆም አለበት፤ 50 ዲግሪ አልፎ እየጨመረ ከሄደ አቁሙ። ማሽኑ በሞቀበት ሰዓት ሞተሩን አጥፍታችሁ ስፒንድሉ እስኪቆም ያለውን ሰከንድ ያዙና በመዝገቡ ላይ ከቀኑ፣ ከጨመራችሁት ዘይትና ከሳህኑ ሚሊ ሊትር ጋር አስፍሩ። በየወሩ በተመሳሳይ ድንጋይና በተመሳሳይ የቺንጋ ውጥረት ድገሙት። ሰከንዱ እያጠረ ከመጣ ክፍተቱ እየጠበበ ወይም ዘይቱ እየወፈረ ነው፤ ሚሊ ሊትሩ ብቻ እየጨመረ ከመጣ ደግሞ ክዳኑን ፍቱና ከመመለሻው ቀዳዳ ጀምሩ።